እቴጌ ጣይቱና የፍል ውሃ ነገር

በዚህ እትም የሕይወት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ነው። ስለ እርሳቸው ያልተጻፈ ምን ቀርቶ ነው? የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ዓድዋን ያነሣ ሁሉ ያነሣቸዋል፤ ስለ ውጫሌ ውል የጻፈም ሳይጠቅሳቸው አያልፍም። እኛ ግን ወደ እርሳቸው የመጣነው በጦርነት በኩል ሳይሆን በውሃ በኩል ነው። ነገሩም እንዲህ ነው።

ፈተና ባበቃ ማግስት አራት ሆነን ገላችንን ልንታጠብ ከስድስት ኪሎ ወደ ፍል ውሃ ወረድን። ከአራታችን አንዱ ከመቂ በታች ካለ የገጠር መንደር የመጣ ነው። ይህ ባልንጀራችን ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ጥርሶቹ ቡናማ ናቸው፤ አንዳንዶቹም እንደ ተቦረቦረ ድንጋይ ጎድጎድ ብለዋል። ከእኛ አንዱ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ በመጀመሪያው ዓመት የጥርስ ብሩሽ ገዝቶ በስጦታ መልክ ትራሱ ላይ አስቀምጦለት ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም ስቀናል። ዛሬ ያ ሣቅ ያሳፍረናል፤ ለምን እንደሚያሳፍረን ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

ታጥበን ስንወጣ ያው ቀልደኛው ይህ ውሃ የእቴጌ ጣይቱ መድኃኒት ነው፣ ጎንጨት ማለት ጥሩ ነው አለው። ባልንጀራችን ቀመሰና ተፋው፤ የሰፈሬን ጉድጓድ ውሃ ይመስላል አለ። እኛም ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ለመመርመር ተነሣን፤ አንደኛው እኒህ ንግሥት ስለዚህ ውሃ ምን ያህል ያውቁ ነበር የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ውሃው ራሱ በውስጡ ምን አለው የሚለው ነው።

ጣይቱ የራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። አባታቸው ከሰሜን ገዥዎች ወገን ነበሩ፤ አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን ሲገዙ ኖረው በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በደጃዝማች ካሣ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ድል የተመቱት ሰው ናቸው። እንግዲህ ጣይቱ ያደጉት ከሥልጣን በወደቀ ትልቅ ቤት ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ሴቶች ያላገኙትን ትምህርት አግኝተዋል፤ አማርኛ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ግዕዝም ያውቃሉ፣ በገናም ይደረድራሉ ይባላል። ከምኒልክ በፊት ጋብቻ አይተዋል፤ አንዱም አልሰመረም። ይህን ክፍል በዚህ እናልፈዋለን፤ ለሐሜት እንጂ ለታሪክ የሚሆን ብዙ ነገር የለውምና።

የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቆርበው አገቡ። ያን ጊዜ የንጉሡ መቀመጫ ወደ እንጦጦ ተራራ እየወጣ ነበር። እንጦጦ ለምሽግ የሚመች ቦታ ነው፤ ለኑሮ ግን ንፋሱና ብርዱ አይቻልም፤ ክረምቱ ይከብዳል፣ እንጨቱም በአጭር ጊዜ እየሳሳ ሄደ። ከተራራው ሥር በሜዳው ላይ ግን እንፋሎት የሚያወጣ ውሃ ነበር። ስፍራውን ባለቤቶቹ ኦሮሞዎች ፍንፍኔ ይሉታል። ቤተ መንግሥቱ ሳይታሰብ እረኛው ከብቱን ያጠጣበት፣ የታመመውም ይታጠብበት ነበር። የከተማችንን ታሪክ ጣይቱ ባዶ ሜዳ ላይ እንዳገኙት አድርገው የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ሜዳው ባዶ አልነበረም። ከተማው ሲሰፋ ባለርስቶቹ እየተገፉ መሄዳቸውንም ከታሪኩ ቆርጠን መጣል አይገባንም።

መኳንንቱ ለመታጠብ ከእንጦጦ እየወረዱ በፍል ውሃው ዙሪያ ድንኳን ይተክሉ ጀመር። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ በሐረር ዘመቻ ሳሉ ጣይቱ በዚሁ ሜዳ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም ተከትለው ቦታ እየተመሩ ሠፈሩ። እንግዲህ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚኖርባት ከተማ የተቆረቆረችው አንዲት ሴት ብርድን ሸሽታ ሙቅ ውሃ አጠገብ ለመኖር ስለ ወደደች ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። የጦር ሰው ተራራ ይመርጣል፤ ጣይቱ የመረጡት ግን ሰው ታጥቦ የሚያድርበትን ስፍራ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ምርጫ ከብዙ ዘመቻ የበለጠ ውጤት አምጥቷል።

የፍል ውሃ ሜዳ ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ከበላዩ የምኒልክ ግቢ ኮረብታ አለ፤ በምሥራቅ ካዛንቺስ ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ካሠሩበት ካዛ ኢንቺስ ከተባለው ድርጅት ነው። በዓድዋ የተሸነፈው መንግሥት ከ40 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ጸሐፊዎቹን ጣይቱ ከመረጡት ውሃ ጥግ ማስፈሩ የታሪክ ቀልድ ነው። በ1961 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው ሂልተን ሆቴልም በመስቀል ቅርጽ የተሠራ መዋኛውን የሚሞላው ከዚሁ ከምድር ሥር ከሚወጣ ሙቅ ውሃ ነው።

አሁን ወደ ውሃው ራሱ እንመለስ። ከከተማችን ሥር የምድር ስንጥቅ ያልፋል፤ የሥነ ምድር ሊቃውንት የፍል ውሃ ስንጥቅ ይሉታል። የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ወደ ታች ይሰርጋል፤ በትኩስ አለት ውስጥ ብዙ ዘመን ይቆይና ይሞቃል፤ ከዚያም ወደ ላይ ይመለሳል። በመንገዱ ከእሳተ ገሞራ አለት ብዙ ነገር ያሟሟል፤ ከነዚህም አንዱ ፍሎራይድ ነው። ካልሲየም በብዛት ያለበት ውሃ ፍሎራይድን ይዞ ድንጋይ አድርጎ ያስቀረዋል። የእኛ ፍል ውሃዎች ግን ሶዳ የበዛባቸው፣ ካልሲየም ያነሰባቸው ናቸው፤ ስለዚህ ፍሎራይዱ የሚይዘው አጥቶ በውሃው ውስጥ ይቀራል። የአዲስ አበባ ፍል ውሃ ለመታጠብ ደኅና ነው፤ ፍሎራይዱ ግን ለመጠጥ ከተፈቀደው ልክ በላይ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ ከመቂና ከዝዋይ ጀምሮ እስከ ሐዋሳና ከዚያም ወዲያ፣ ነገሩ ይብሳል፤ እዚያ ሕዝቡ የሚጠጣው ይህንኑ ዓይነት ውሃ ነውና። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በሸለቆው ከዚህ ልክ ብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ።

ይህ ነገር በጥርስ ላይ የሚያደርሰውን ዓለም ያወቀው ቀስ ብሎ ነው። ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወደምትባል ከተማ ሄደ፤ የአገሬው ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ሰዉ ምክንያቱን ለምግብ ይሰጠው ነበር፤ ማኬይ ግን ውሃውን ጠረጠረ። 30 ዓመት ከተደከመበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1931 ቸርችል የተባለ ኬሚስት በውሃው ውስጥ ፍሎራይድ አገኘ። ከዚያ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ታየ፤ ጥርሳቸው ቡናማ የሆኑት ልጆች ጥርሳቸው አይነቅዝም ነበር። ፍሎራይድ በትንሹ ጥርስን ያጠነክራል፣ ሲበዛ ያበላሻል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1945 ግራንድ ራፒድስ የምትባል የአሜሪካ ከተማ በመጠጥ ውሃዋ ላይ ፍሎራይድ በልክ ትጨምር ጀመር፤ ዛሬም በጥርስ ሳሙናችን ውስጥ ያለው ይኸው ነው። አንዱ አገር እየሰፈረ የሚጨምረውን ሌላው አገር የሚያወጣበት ቸግሮታል።

በአገራችንም ጥናት ተደርጓል። ወንጂ በሆላንዶች የስኳር እርሻ ከተቋቋመ በኋላ ብዙ ዓመት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች ጀርባቸው እየደረቀ፣ አጥንታቸው እየገረረ ሄደ፤ ከእነርሱም መራመድ ያቃታቸው ነበሩ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት፣ በስምጥ ሸለቆው ተወልደው ካደጉት ከመረመሯቸው ልጆች ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በዚህ ተነክቶ ተገኝቷል። ጥርስ የሚበላሸው ድድ ውስጥ ሳለ፣ ሽፋኑ በሚሠራበት በሕፃንነት ዘመን ነው፤ ስምንት ዓመት ያህል ከሆነው በኋላ የመጣ ሰው ያንኑ ውሃ ቢጠጣም ጥርሱ እንዲያ አይሆንም። አንዴ ከበቀለ ደግሞ መፋቂያም ሆነ ብሩሽ አያነጣውም።

አንባቢ ሆይ፣ የብሩሹ ስጦታ ለምን እንዳሳፈረን አሁን ገባህ? ባልንጀራችን ከማናችንም ይበልጥ አፉን የሚጠብቅ ሰው ነው። ጥርሱ የተበላሸው ገና አፍ ሳይፈታ እናቱ ከጉድጓድ ቀድታ ባጠጣችው ውሃ ነው።

ውሃውን ማጣራት ይቻላል። የከብት አጥንት በልክ ተቃጥሎ ሲፈጭ ፍሎራይዱን ይይዛል፤ ሕንዶች ናልጎንዳ በምትባል ወረዳ ስም የጠሩት በአሉምና በኖራ የማጣራት ዘዴም በአገራችን ተሞክሯል። ማፍላት ግን አይጠቅምም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እየበዛ ይሄዳል። ይህን የምንጽፈው ወላጆቹ ውሃ አፍልተው የሚያጠጡት ተማሪ በመካከላችን ስላለ ነው። ማጣሪያው ሁሉ የሚያስቸግረው በመንደር ነው፤ አጥንቱ ሲያረጅ የሚለውጠው፣ አሉሙን የሚለካው ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ከሄደ ማጣሪያው ተራ በርሜል ይሆናል። የሚበጀው ፍሎራይድ የሌለበት ውሃ ከሩቅ በቧንቧ መሳብ ነው፤ እርሱ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል።

ከሩቅ መሳብን ካነሣን የጣይቱ ቤት ይህን ቀድሞ ያውቀው ነበር። በ1880ዎቹ የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ምንጭ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አመጣው፤ ውሃ ወደ ኮረብታ ሽቅብ ሲወጣ ያየው ሕዝብ ጉድ አለ። ስለዚህ ግቢው ለመታጠቢያ የሜዳው ሙቅ ውሃ፣ ለሌላው ደግሞ የተራራው ቀዝቃዛ ውሃ ነበረው። ይህ ስለ ፍሎራይድ ታስቦ የተደረገ አይደለም። ነገር ግን ግቢው ሁለት ዓይነት ውሃ አግኝቷል፤ የባልንጀራችን መንደር እስከ ዛሬ ያለው አንድ ብቻ ነው።

ጥቅምት 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ነገሡ፤ ጣይቱም በዚያው ሰሞን እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት የእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ሲከበር ያዘጋጁት ግብር እስከ ዛሬ ይወሳል። የበሬው፣ የጠጁ፣ የወጡ ዓይነት ብዛት በዜና መዋዕል ተጽፏል፤ ማካን የሚባል የታሪክ ሊቅም ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ የምንለው በዚያ ግብር እንደ ተሰበሰበ አድርጎ ጽፏል። እኛ ይህን ያህል አንደፍርም፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ መኳንንት በአንድ ገበታ የተለያየ አገር ወጥ መብላቱ ግን ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ውጫሌ ውል የምታውቁትን አንደግምም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በ17ኛው ክፍል የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቃል መለያየቱ ሲታወቅ፣ አንቶኔሊ ሊያግባባ መጣ፤ በየካቲት 1883 ዓ.ም. ግን ባዶ እጁን ተመለሰ። በዚያ ክርክር ውስጥ ከምኒልክ ይልቅ ጠንክረው የቆሙት ጣይቱ ነበሩ። ንጉሡ ለነገር ለስላሳ መንገድ ይወዱ ነበር፤ እቴጌይቱ እምቢ ማለትን ያውቁበታል። ሁለቱም ለአገሩ ያስፈልጉ ነበር ብለን እናምናለን።

በ1888 ዓ.ም. ዘመቻ እቴጌይቱ ወደ 5,000 የሚሆን የራሳቸውን ጦር ይዘው ወጡ። እዚህም ላይ ውሃ ይመጣል። ጣሊያኖች በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ ጠንካራ ምሽግ ሠርተው፣ ሜጀር ጋሊያኖ ከ1,000 በላይ ወታደር ይዞ ተቀምጦ ነበር። የእኛ ሰዎች ግንቡን ሊወጡ ሲሞክሩ ብዙ ሰው አለቀ። ምሽጉ ሁሉ ነገር ነበረው፤ ውሃ ግን በውስጡ አልነበረም፤ ምንጩ ከግንቡ ውጪ ነበር። ምንጩ ይያዝ የሚለውን ምክር ያመጡት ጣይቱ ናቸው ሲሉ የዘመኑ ጸሐፊዎች ተርከዋል። የእርሳቸው ሰዎችም በሌሊት ወርደው ምንጩን ያዙ። ከዚያ በኋላ ምሽጉ በመድፍ ሳይሆን በጥም ተሸነፈ፤ በጥር ወር ጣሊያኖቹ ለቀው ወጡ። ምኒልክ በሰላም ሸኟቸው፤ ይህ ያስቆጣቸው የእኛ ወገን ሰዎችም ነበሩ።

የካቲት 23 ቀን በዓድዋ ዕለት ደግሞ ሴቶቹን አስተባብረው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ አስቀዱ። በመቀሌ ከጠላት የነፈጉትን በዓድዋ ለወገናቸው አደረሱ። ስለ ዓድዋ መድፍና ጎራዴ ብዙ ሰምተናል፤ በዚያ ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ ሲዋጋ የዋለን ያን የሚያህል ሠራዊት ውሃ ማጠጣት ምን ያህል ሥራ እንደ ነበረ ግን የሚያሰላ ጥቂት ነው። እንስራ ተሸክማ ከወንዝ እስከ ጦር ሜዳ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰች የአንዲቱንም ሴት ስም የጻፈልን የለም።

ከድሉ በኋላ ያሉት ዓመታት የሥራ ዓመታት ነበሩ። በፒያሳ ያለው የጣይቱ ሆቴል፣ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት የጎዳው፣ በዚያ ዘመን መጨረሻ የተሠራ ነው፤ ለእንግዳ በገንዘብ ምግብና አልጋ መስጠት ለአገሩ እንግዳ ነገር ነበር። ከባንክ ኦፍ አቢሲኒያ ጎንም ለእርሻና ለንግድ ገንዘብ የሚያበድር ማኅበር አቋቁመዋል።

ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ምኒልክ ይታመሙ ጀመር፤ በሽታው እየተደጋገመ ሄዶ በመጨረሻ አንደበታቸውን ያዘው። ያን ጊዜ የመንግሥቱ ሥራ በጣይቱ እጅ ወደቀ። ሹም ይሾማሉ፣ ይሽራሉ፣ ዘመዶቻቸውን ወደ ላይ ያወጣሉ። ስለ እቴጌይቱ መልካሙን ብቻ ለመጻፍ አልተነሣንም፤ ለወገን ማድላታቸው የታወቀ ነው፤ መኳንንቱ የተነሡባቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ያንኑ ያደረጉ ወንዶች ሁሉ እንደ እርሳቸው አልተወገዙም። መጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱና መሐል ሰፋሪው ተማክረው ከመንግሥት ሥራ እንዲወጡ ፈረዱባቸው፤ ራስ ተሰማ ናደውም የልጅ ኢያሱ እንደራሴ ሆነው ሥራውን ያዙ። ለጣይቱ የተተወላቸው ሕመምተኛውን ባላቸውን ማስታመም ብቻ ሆነ። ያንንም ከሦስት ዓመት በላይ ሠሩት።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ጣይቱ ወዲያው ከግቢው ወጥተው ወደ እንጦጦ ተላኩ። የከተማዋ መሥራች ወጣትነታቸውን ያሳለፉበትን ብርድ በእርጅና እንደገና አገኙት። ሸሽተውት ከወረዱበት ተራራ ላይ ሆነው በባሕር ዛፍ የተሞላችውን ከተማ ቁልቁል እያዩ አራት ዓመት ያህል ኖሩ፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐፅማቸውም ኋላ በበዓታ ከዐፄ ምኒልክ አጠገብ ተቀበረ።

ይህን ታሪክ ከሰበሰብን በኋላ አራታችንም እንደገና ወረድን፤ በዚህ ጊዜ ወደ በዓታ ነበር። ስንመለስ በካዛንቺስ በኩል መጣን፤ በ2017 ዓ.ም. የፈረሱት ቤቶች ቦታ ሜዳ ሆኗል፤ መንገዱም ሰፍቷል። ባልንጀራችን በመንገድ ላይ ለታናሽ እኅቱ ደብተር ገዛ። ቀልደኛው ስንት ዓመቷ ነው አለው። አምስት ነው አለ። የሰፈሩ ጉድጓድ ተለወጠ ወይ ብሎ ጠየቀው፤ አልተለወጠም።